ጋሽ ይመር አራቱን ስምንት ያሉ ዕለት

ሱቄን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዬ ካስረከብኩ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። «ጽጌ፣ ምነው ተውሽው? ገና ጉልበት አለሽ እኮ» ይለኛል። አንገቴን ያመኛል እላለሁ። ዓይኔም ደከመ እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ዕድሜ ልኬን ክፍት ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሬ ኖሬ አንገቴ ባያመኝ ነበር የሚገርመው። ሥራውም ቢሆን ጥሎኝ ሄዷል። ድሮ ሰው ዴስክቶፑን በባጃጅ ጭኖ ይመጣና «ራም ጨምሪልኝ፣ ፕሮሰሰሩን ቀይሪልኝ» ይለኝ ነበር። አሁን የሚመጣልኝ ላፕቶፕ ነው። ከፍቼ ሳየው የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ቦርዱ ላይ ተበይዷል። አይወጣም፣ አይቀየርም። «አዲስ ግዛ» ብሎ ሰው መመለስ ደግሞ እኔ የተማርኩት ሙያ አይደለም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር ናቸው። ስለ ሥራዬ ላውራ ካልኩ ከእሳቸው መጀመር አለብኝ፤ መጨረሻውም ወደ እሳቸው መሄዱ አይቀርም።

ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ ሥራ አጥቼ አዳማን ከላይ እስከ ታች ስዞር ነው ያገኘኋቸው። ሱቃቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነበረች፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው በር ላይ የሚቀርባት ጠባብ ክፍል። አባታቸው ከወሎ ወንጂ ለአገዳ ሥራ የመጡ ሰው ናቸው። ጋሽ ይመር እዚያው ሠራተኞች ሰፈር ተወልደው፣ ፋብሪካው ወርክሾፕ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተምረው፣ በኋላ አዳማ መጥተው ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ሬዲዮውን ገፋ አድርገው እሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሌላ ለውጥ አላደረጉም።

«ምን ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ፎርማት ማድረግ እችላለሁ። ዊንዶውስ መጫንም...»

«እሱን ሁሉም ይችላል። ዝም ብሎ ማየት ትችያለሽ?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ እችላለሁ አልኩ። የገባኝ ቆይቶ ነው። ጋሽ ይመር ማሽን ሲመጣላቸው ቶሎ አይከፍቱም። ባለቤቱን ወንበር ላይ ያስቀምጡና «እስቲ እንደ ቤትህ ሥራበት» ይሉታል። እሳቸው ከኋላው ቆመው ያያሉ። ስንት ነገር አንድ ላይ እንደሚከፍት፣ የትኛው ጋ ሲደርስ እንደሚበሳጭ፣ ማሽኑ ዝም ሲለው እጁ የት እንደሚሄድ። ደንበኛው አንዳንዴ ያፍራል። «ጋሼ፣ እኔን ነው ወይስ ኮምፒውተሩን ነው የሚጠግኑት?» ያላቸው ነበር። «አንተን ሳላይ እሱን ባውቀው ምን ይጠቅመኛል?» አሉት።

ሲከፍቱ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እጃቸውን ታጥበው አድርቀው፣ የበሩን ብረት ነካ አድርገው በገላቸው ያለውን ኤሌክትሪክ ያወርዳሉ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይዘረጋል። ብሎኖቹ እንደ አወጣጣቸው የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ ይደረደራሉ። የአዳማ ንፋስ ያመጣው አቧራ ማሽኑ ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ተኝቶ ይገኛል፤ እሱን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያነሡታል። አንድ ቀን በአፌ እፍ ስል አይተው ጮሁብኝ። «ምራቅሽን ቦርድ ላይ! ጨው እኮ ነው!» ከዚያ በቀር ጮኸውብኝ አያውቁም።

ፕሮሰሰር ሲይዙ ትንፋሻቸውን ይውጡታል። በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ጠርዙን ብቻ ይይዛሉ፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ያገጣጥማሉ፣ ከዚያ ይለቁታል። «አትጫኚው። ቦታው ከሆነ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ካልተቀመጠ ጥፋቱ ያንቺ ነው» ይሉኝ ነበር። ከሥሩ ካሉት መርፌ መሰል ፒኖች የታጠፈ ካለ ውስጡ ባዶ በሆነ የሜካኒካል እርሳስ ጫፍ አስገብተው ቀስ ብለው ያቀኑታል። ያን ሲሠሩ ሱቁ ውስጥ የገባ ሰው ሰላምታ እንኳ አያገኝም።

የፕሮሰሰር ኮርና ትሬድ ምን እንደሆኑ ያስረዱኝ መቂ ነው። አንድ የሽንኩርት ደላላ ኮምፒውተሩ ዘገየበትና አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ «አሥራ ስድስት ያለው ፕሮሰሰር አስገባ» ብሎ መክሮት ጠራን።

«ጋሼ፣ አሥራ ስድስት ያለውን ያስገቡልኝ» አለ።

«አሥራ ስድስት ምን?»

«እኔ እንጃ። አሥራ ስድስት ነው ያለኝ።»

ጋሽ ይመር አልሳቁበትም። ይዘውን በር ላይ ወጡ። ግቢው ውስጥ አይሱዙ ቆሞ ሽንኩርት ይጫናል፤ ጫኞቹ ጆንያ ተሸክመው ሳንቃው ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ።

«ያ ጫኝ ይታይሃል? አንድ ኮር በለው። ስድስት ጫኝ ካለህ ስድስት ኮር አለህ።»

«ትሬድስ?» አልኩ እኔ።

«ያን ቀይ ሸሚዝ የለበሰውን እዪ። ፊቱ ሁለት ክምር አለ። የአንዱ ጆንያ አፉ እስኪሰፋ ቆሞ ከሚጠብቅ ከሌላው ያነሣል። ሥራ አይፈታም፤ ጥሩ ነው። ከሌሎቹ ትንሽ ይበልጣል። ግን ስንት ሰው ነው?»

«አንድ።»

«ወረፋው ሁለት ነው፣ ሰውየው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነግርሽ ወረፋውንም ይቆጥርልሻል። አሥራ ስድስት ያሉት ወረፋውን ነው፤ ጫኞቹ ስምንት ናቸው። አንቺ ሁልጊዜ ጀርባ ቁጠሪ።»

ደላላው ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶት ይሁን ለጨዋነት አላወቅሁም። በኋላ ሲታይ ማሽኑ ፕሮሰሰሩ ላይ ምንም ችግር የለበትም። ራሙ አንሶት፣ ሃርድ ዲስኩ አርጅቶበት ነበር። ጋሽ ይመር ሁለቱን ቀየሩለትና ፕሮሰሰሩን ሳይነኩት ወጣን። ሰውየው ግን ደስ አላለውም። አሥራ ስድስት ፈልጎ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ብዙ ገጠመን። ዱከም አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ሌላ ባለሙያ አስገብቶላቸዋል፤ የደሞዝ ስሌቱ ግን እንደ ድሮው ያዘግማል። ጋሽ ይመር የሂሳብ ሠራተኛዋን «ጀምሪው» ብለው ታስክ ማናጀሩን ከፈቱ። ስክሪኑ ላይ የሥራውን ብዛት በመስመር ከሚያሳዩት ሣጥኖች አንዱ ጣራ ነክቷል፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል። ፕሮግራሙ ሥራውን ለአንድ ኮር ብቻ ነው የሚሰጠው። «አንድ ጆንያ ስምንት ሰው አይሸከመውም» አሉኝ በጆሮዬ፤ ለዚያ የሚሻለው ቁጥሩ ያነሰ፣ እያንዳንዱ ኮር ግን ፈጣን የሆነ ነው። ያን አመጣንላቸውና ሠራ። ከመግዛትሽ በፊት ሥራሽ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቂ፤ ማዘርቦርድሽ የትኛውን እንደሚቀበል እዪ፤ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይሽና የሚያቀዘቅዘው ፋንሽ ይችሉት እንደሆነ ጠይቂ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቁጥር እናወራለን። ከእሳቸው የያዝኩት ትምህርት ሲጨመቅ ይኸው ነው። ብዙ ዓመት በልቼበታለሁ።

ወደ መተሐራው ነገር ልምጣ።

መተሐራ ውስጥ የስኳር እርሻው ሠራተኞች ልጆች የሚማሩበት ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነበር። መምህሩ ደረጀ ይባላል፤ ደሞዙ መጣም ቀረም እዚያ የማይታጣ ሰው። ለአሥር ልጅ አሥር ኮምፒውተር መግዛት ስላልቻሉ አንድ ዴስክቶፕ ነበር ያላቸው። ከእሱ በኬብል ወደ አሥር ስክሪን ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማሽን ያለው ይመስለዋል፤ ሁሉም ግን የሚበሉት ከአንድ ፕሮሰሰር ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ አራት ኮር ነበር፤ አምስት ልጅ ሲቀመጥበት ማዝገም ይጀምራል።

ደረጀ አዳማ ድረስ መጣ። ዱከም ያለ የልብስ ፋብሪካ ሰዎች ልኮ ልጆቹን ሊፈትንለት ተስማምቷል። ፈተናው በኮምፒውተር ጨርቅ ላይ የልብስ ቁርጥራጮችን መደርደር ነው፤ ጨርቅ እንዳይባክን ፕሮግራሙ አሰላለፉን ያሰላል። ያለፈ ይቀጠራል፣ ማደሪያም ይሰጠዋል።

«ጋሽ ይመር፣ እነዚህ ልጆች ይሄ ካመለጣቸው አገዳ ነው» አለ ደረጀ።

ጋሽ ይመር የያዙትን ብሩሽ አስቀመጡ። ወንጂ የተወለዱበትን ሰፈር እያሰቡ መሆናቸውን ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። «አሥር ሰው አንድ ላይ ‹አስላ› የሚለውን ከተጫነ አራት ኮር ይሞታል» አሉ። «ስምንት ያስፈልጋል። እውነተኛ ስምንት። ቦርዱ ይቀበላል፤ አውቀዋለሁ። ይሄን እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው።»

በዚያ ሰሞን አንዳንድ ነገር አይቼባቸው ነበር። ሻይ አዘው ጠጥተው እንደገና ያዛሉ። አንዳንዴ በልጃቸው በፋጡማ ስም ይጠሩኛል፤ ፋጡማ አግብታ ደሴ ነው ያለችው። ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ማን ነው ሻይ ሁለቴ በማዘዙ የሚጠረጠረው?

አዲስ አበባ ራሳቸው ሄደው ፕሮሰሰሩን ገዙ። መተሐራ ራሳቸው ሄደው ገጠሙት፤ እኔ ሱቅ ጠባቂ ነበርኩ። ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር። «ሦስት አራት ልጅ አስቀምጬ ሞከርኩት። ይበራል!» አሉኝ።

የፈተናው ዕለት አብሬያቸው ሄድኩ። ማሠልጠኛው በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ ነው፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ይግላል። ልጆቹ የጸዳ ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ይጠብቃሉ። አንደኛዋ ሐዊ ነበረች፤ ደረጀ «ከሁሉ የምትፈጥነው» ብሎ አስተዋወቀን። የአገዳ ቆራጭ ልጅ ናት፤ የቤቱ የመጀመሪያ። «አካም ቡልተኒ?» ስትል እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው ጋሽ ይመርን፣ ጎንበስ ብላ። ገና ወንጂ ሳሉ በለመዱት ኦሮምኛ መለሱላት፤ ሳቀች።

ከፋብሪካው ሁለት ሰዎች መጡ። ትሁት ሰዎች ነበሩ፣ ክፉ አልነበሩም። ፈተናውን አብራርተው «ጀምሩ» አሉ።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ልጆቹ ቁርጥራጮቹን ይጎትታሉ፣ ያዞራሉ። ከዚያ አንዱ «አስላ»ን ተጫነ፤ ሁለተኛው ተጫነ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የፋኑ ድምፅ ከፍ አለ። የሐዊ ስክሪን ቆመ። ማውሱን አንቀሳቀሰችው፣ ምንም የለም። ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ አየች፤ የሱም ቆሟል። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ያ ፋን ብቻ ሆነ።

ደረጀ ሮጦ መጣ። «ጋሽ ይመር!»

ጋሽ ይመር ዋናው ማሽን ላይ ተቀመጡና ታስክ ማናጀሩን ከፈቱ፤ ለመከፈትም ጊዜ ወሰደበት። ሣጥኖቹ ሁሉ እስከ ጣራ ሞልተዋል።

«ጽጌ፣ ቁጠሪ እስቲ» አሉኝ።

ቆጠርኩ። «ስምንት ናቸው ጋሽ ይመር።»

«አየሽ? ስምንት ኮር ነው ያስገባሁት። ታዲያ ምን ሆነ?»

ከሣጥኖቹ በታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ። ኮር አራት። ሌላው መስመር ላይ ስምንት። ሣጥኖቹ ወረፋዎቹ ነበሩ። የገዙት ባለ አራት ኮር፣ ባለ ስምንት ትሬድ ነው። አሮጌውን ፕሮሰሰር አውጥተው ከአሮጌው ብዙም የማይሻል አስገብተዋል።

የደነገጥኩት በስህተቱ አይደለም። ስህተት ሁላችንም እንሠራለን። ያን መስመር ጣታቸውን አስቀምጠው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከመቂ በተመለስን ማግስት። አሁን እዚያው መስመር ላይ ዓይናቸውን ተክለው ያያሉ፤ የሚያዩት ግን ምንም አልነገራቸውም። በዕድሜዬ ብዙ የሞተ ቦርድ አይቻለሁ። ሰው ፊት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማሽኑን አጥፍተን አስነሣነው። ደረጀ ልጆቹን አምስት አምስት አድርገን እንፈትን አለ። አምስቱም ቢሆኑ «አስላ» ጋ ሲደርሱ ማሽኑ መንተፋተፉ አልቀረም። የፋብሪካው ሰዎች ጠበቁ። ከዚያ አንደኛው ሰዓቱን አይቶ «ይቅርታ፣ ሌላም ቦታ ቀጠሮ አለን። ማሽኑ ሲስተካከል ደውሉልን» አለ። እውነቱን ነበር የሚመስለው፤ ደግሞ የሚመጡ ይመስል ነበር።

ጋሽ ይመርን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ግቢው ውስጥ አንድ ኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ቆምን።

«ጋሽ ይመር፣ ፕሮሰሰሩ ባለ አራት ኮር ነው» አልኳቸው።

«ስምንት ነው። አብረን ቆጠርን።»

«ትሬዱን ነው የቆጠርነው። ጫኞቹ አራት ናቸው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይሄን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አሁን ስትነግሪኝ... እንደ አዲስ ነው የሰማሁት» አሉ። «ጽጌ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣብኝ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቆባቸውን መልሰው አጥልቀው ወደ አዳራሹ ገቡ። ልከለክላቸው ፈልጌ አልቻልኩም። ልጆቹ አሁንም ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ማንም ተነሡ አላላቸውም። ጋሽ ይመር ፊታቸው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ማሽኑ አልተበላሸም። እናንተም አልተሳሳታችሁም። መምህራችሁም የሚችለውን አድርጓል። የተሳሳተ ዕቃ ገዝቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። ሐዊ ግን ተነሥታ መጣችና «አባባ፣ ይቀመጡ፤ ብዙ ቆሙ» አለቻቸው። ወንበሯን ሰጠቻቸው። የተቀመጡት ቆሞ የቀረው ስክሪኗ ፊት ነበር።

በሚኒባስ ስንመለስ በሰቃ ሐይቅ ጋ ስንደርስ «ስንት ነበሩ ልጆቹ?» ብለው ጠየቁኝ። አሥር አልኳቸው። ጥቂት እንደሄድን እንደገና ጠየቁኝ። እንደገና አሥር አልኳቸው። አዳማ እስክንገባ ይህንኑ ስንባባል መጣን።

ትክክለኛውን ፕሮሰሰር ገዝተን እኔ ራሴ ገጠምኩት። አሥሩንም ልጅ አስቀምጬ ሁሉም አንድ ላይ «አስላ»ን እንዲጫኑ አደረግኩ፤ ትንሽ ቆየ እንጂ ለሁሉም ሠራ። ደረጀ ደወለ። ፋብሪካው የሚፈልገውን ሰው ከሌላ ቦታ ወስዶ ጨርሷል። «ሌላ ጊዜ» ተባለ። ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም። ማሽኑ ግን እስከ መጨረሻው ያለ እንከን ሠራ፤ ይህ ነው የሚያበሳጨኝ።

የጋሽ ይመር ባለቤት እትዬ ዘሀራ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። የመርሳት በሽታ ነው፣ ጀምሯል፣ እየባሰ ይሄዳል ተባለ። እትዬ ዘሀራ ሱቅ ድረስ መጥተው ነገሩኝ።

«ጽጌዬ፣ ቤት አስቀምጣቸው ይሆን?» አሉኝ።

«እትዬ ዘሀራ፣ እዚህ ይምጡ። እኔ አለሁ። ምንም አይሆኑም።»

መጡም። መጀመሪያ ሰሞን ብሎኖች ይለዩልኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጃቸው የሚያውቀውን ልባቸው መሳት ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፕሮሰሰር መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። አያያዛቸው እንደ ድሮው ነው፤ በሁለት ጣት፣ ጠርዙን ብቻ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። «ትንሽ ናት፤ ይህን ሁሉ ትሠራለች?» አሉ። እኔ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ የሰው ማሽን ነበረ፣ ጨረስኩት።

የቀሩትን ዓመታት ሱቁን ተረክቤ ብቻዬን ነው የሠራሁት ማለት ይቻላል። ደንበኛው ሳሳ። ኢንተርኔት ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ፎቶ ቤቶቹ በስልክ መሥራት ጀመሩ። ማሽን የሚያሻሽል ሰው ሲመጣ እንደ እንግዳ ነበር የማየው። ያም ሆኖ የሚመጣውን ሁሉ ወንበር ላይ አስቀምጬ «እስቲ እንደ ቤትህ ሥራበት» እለው ነበር። የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም። «እትዬ፣ ዋጋውን ብቻ ንገሪኝ» ይሉኛል።

ሐዊን ያገኘኋት ባቱ ነው። አንድ የአትክልት እርሻ ቢሮ ኮምፒውተር ልሠራ ሄጄ፣ ጨርሼ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልበላ ስወርድ የአበባ እርሻ ሠራተኞች የሚያመላልስ አውቶቡስ ቆሟል። ከሚወርዱት መካከል አንዷ «ጽጌ?» አለችኝ። አላወቅኋትም ነበር። ከስታለች። እጆቿ ላይ ፋሻ ጠምጥማለች።

«የት ነሽ አሁን?»

«ማሸጊያ ነኝ፤ ማቀዝቀዣው ክፍል። አበባ እየቆጠርን እናስራለን።» እጇን ዘረጋችልኝ። «እሾሁ ነው።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ረሳሁት» አለች። ከዚያ ወዲያው «ሁሉን አይደለም» አለች። ሌሎቹን ጠየቅኋት። አንዱ ዓረብ አገር ሄዷል፣ ሁለቱ አገዳ ላይ ናቸው፣ የቀሩትን አታውቅም። ደረጀም ለቆ ሄዷል፤ አዳራሹ መጋዘን ሆኗል አለችኝ።

ልሰናበታት ስል ክንዴን ያዘችኝ። «አባባ ደህና ናቸው? ያን ቀን እኮ በጣም አዘኑ። ንገሪያቸው፣ አልተቀየምኳቸውም በያቸው።»

እነግራቸዋለሁ አልኳት። አዳማ ስገባ በቀጥታ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። «የምን ሐዊ?» አሉኝ። መተሐራንም፣ ፈተናውንም፣ ያን ኒም ዛፍም አያስታውሱትም። እንዲያ የሚያሳፍራቸው ቀን ከነጭራሹ ጠፍቶላቸዋል። ለእሳቸው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው አነሰብኝ፤ ከባድ ነገር አንዱ ጫፍ ሲለቀቅ ሌላው የያዘው ላይ እንደሚወርድ ዓይነት ነው የተሰማኝ።

ሱቁን ከመዝጋቴ ጥቂት ቀደም ብሎ እትዬ ዘሀራ ገበያ ሲሄዱ ጋሽ ይመርን እኔ ጋ አስቀመጧቸው። የደንበኛ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጡት። ሱቋን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ የማያውቁት ቤት እንደገባ ሰው እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው። እኔ አንድ የትምህርት ቤት ዴስክቶፕ ከፍቼ ፕሮሰሰር ልቀይር ነበር። እጄን ታጠብኩ፣ የበሩን ብረት ነካሁ፣ ጨርቁን ዘረጋሁ። አዲሱን በሁለት ጣት ይዤ ምልክቱን አገጣጥሜ ለቀቅኩት። ተቀመጠ። ቀና ስል ጋሽ ይመር ወደ ፊት ጎንበስ ብለው እጄን እያዩ ነው።

«ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። «አልተጫንሽውም። ማን አስተማረሽ?»

«አንድ የወንጂ ሰው ናቸው» አልኩ።

«ወንጂ? እኔም የዚያ ልጅ ነኝ።» ደስ አላቸው። «ደህና ሰው ነው?»

«በጣም ደህና ሰው ናቸው።»

«በሕይወት አለ?»

«አሉ።»

አሰብ አደረጉ። ከዚያ «ሥራሽ ይቅናሽ» እንደሚል ሰው እጃቸውን አነሥተው «እንግዲያው ሄደሽ ጠይቂው ልጄ» አሉኝ። «ሽማግሌ ብቻውን ሲቀመጥ ቀኑ አይመሽለትም።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው። ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።